ኪቶን በአንድ ቀን፦ ብቻዋን የምትሄድ ሴት ከየት ትጀምር?

መንገደኛዋ፦
ሰላም ወገኖች። ከዋሽንግተን ወደ ኢኳዶር ልሄድ ነው፤ ኪቶ ውስጥ ያለኝ አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ነው። ብቻዬን ነኝ፣ ስፓኒሼም ከሰላምታ አያልፍም። ሦስቱን ቤተ ክርስቲያኖች፣ ማለትም ባዚሊካውን፣ ላ ኮምፓኒያንና ሳን ፍራንሲስኮን፣ እንዲሁም ፓኔሲዮ ኮረብታን ማየት እፈልጋለሁ። የትኛው ይቅደም? ከፍታውስ ያስቸግራል?

ቁልቁለት፦
እህቴ፣ ከላይ ጀምረሽ ቁልቁል ውረጂ። ኪቶ 2,850 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባም ትበልጣለች። ከዋሽንግተን ለሚመጣ ሰው ከፍታው ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ያመጣል። የመጀመሪያውን ምሽት ቀለል ያለ እራት ብይ፣ አልኮል ተዪ፣ ውሃ ጠጪ።

ጠዋት በታክሲ ባዚሊካው በር ላይ ውረጂ። ወደ ማማው የሚያስወጣው ቲኬት ከቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ የተለየ ስለሆነ ሁለቱንም ጠይቂ። መጀመሪያ ከጣሪያው ሥር በጣውላ መተላለፊያ ታልፊያለሽ፣ ከዚያ ቀጥ ያለ የብረት መሰላል አለ። ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ቦርሳሽ ትንሽና የሚታዘል ይሁን፣ ቀሚስ አትልበሺ። ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉትን የድንጋይ እንስሳት ልብ በይ፦ ኤሊ፣ ኢጓና፣ አርማዲሎ፣ ሁሉም የአገሩ ናቸው።

ከዚያ የቬኔዙዌላን ጎዳና ይዘሽ ስትወርጂ ፕላሳ ግራንዴ የሚባለው ዋናው አደባባይ ትደርሻለሽ። ካቴድራሉ ውስጥ የነጻነቱ ጦር መሪ የሱክሬ መቃብር አለ። ላ ኮምፓኒያ ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ነው። በ1605 ተጀምሮ በ1765 አለቀ፤ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበርተኞች 160 ዓመት ደክመው ከሁለት ዓመት በኋላ ተባረሩ። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ በወርቅ የተለበጠ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከፍለሽ ግቢ ብትባዪ ይህን ምረጪ። ፓኔሲዮን መጨረሻ ላይ አድርጊው።

ጠዋት ይሻላል፦
በአንድ ነገር አልስማማም። ፓኔሲዮ መጨረሻ ላይ ከቀረ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ከሰዓት በኋላ ደመናና ዝናብ ይጋርደዋል። ጠዋት በታክሲ ውጪ፣ ታክሲው እንዲጠብቅሽ ዋጋውን አስቀድመሽ ተነጋገሪ፣ ከዚያ ወደ ባዚሊካው ያድርስሽ። ካርታው በእግር ቅርብ ነው ቢልሽም ወደ ፓኔሲዮ የሚያስወጣውን ደረጃ ብቻሽን እንዳትወጪ፤ ዘረፋ የሚታወቅበት መንገድ ነው።

ኮረብታው ላይ ያለችው የማርያም ሐውልት ከ7,000 ገደማ የአሉሚኒየም ቁርጥራጭ የተሠራች ናት። ክንፍ አላት፣ እግሯ ሥር ዘንዶ አለ፤ ራእይ ዮሐንስ ምዕራፍ 12ን ያነበበ ሰው አይገርመውም።

መንገደኛዋ፦
አመሰግናለሁ። ገንዘብ እና ማታስ?

ሳንቲም፦
የሚሠራው የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ግን ባለ 50 እና ባለ 100 ኖት ትናንሽ ሱቆች አይቀበሉም። 1፣ 5 እና 10 ያዢ። የባለ አንድ ዶላር ሳንቲም እዚያ በየቀኑ ይሠራበታል፣ ሲመልሱልሽ አትደንግጪ። ሜትሮው (የምድር ውስጥ ባቡሩ) 45 ሳንቲም ነው፣ አንዱ ጣቢያ ሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ ላይ ነው። ሰው በሚጋፋበት ቦታ ቦርሳሽን ወደ ፊት አዙሪው። አንድ ሰው ልብስሽ ላይ ፈሳሽ ነገር ደፍቶ «ልጥረግልሽ» ካለ አትቁሚ፣ ሱቅ ግቢ፤ ጠራጊው ከሌባው ጋር ነው።

ምሳ «አልሙኤርሶ» በይ፦ ሾርባ፣ ዋና ምግብና ጭማቂ አንድ ላይ በርካሽ ይመጣል። ሎክሮ የሚሉት የድንች ሾርባ ከአይብና ከአቮካዶ ጋር ለብርዱ ጥሩ ነው።

እዚያም እንደ እኛ አገር ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይመሻል። ከዚያ በኋላ አሮጌው ከተማ ቶሎ ጭር ስለሚል፣ ላ ሮንዳ ጎዳና ላይ ካኔላሶ የሚሉትን ትኩስ የቀረፋ መጠጥ ለመጠጣት ብትቆዪ እንኳ መመለሻሽ በሆቴል ወይም በምግብ ቤት የተጠራ ታክሲ ይሁን።

ቁልቁለት፦
የፓኔሲዮው እርማት ልክ ነው፣ ጠዋት ይሁን። ሳን ፍራንሲስኮን ግን እንዳትዘዪው። ካንቱኛ የተባለ ሠራተኛ ከሰይጣን ጋር ተዋውሎ የቤተ ክርስቲያኑን የፊት ግቢ በአንድ ሌሊት አሠራው፣ አንድ ድንጋይ ደብቆ ነፍሱን አተረፈ ይላሉ። የእኛን ላሊበላ መላእክት አግዘው ከሠሩት፣ የእነሱን ሰይጣን ነው ያገዘው! ደግሞ ኪቶና ላሊበላ በ1978 በወጣው በመጀመሪያው የዩኔስኮ መዝገብ አብረው የገቡ ናቸው።