ከእብጠቱ እስከ ውጤቱ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ባለፈው ስብሰባ ለደቡብ ወሎ የካንሰር ታማሚዎች የሚሆን አንድ የጋራ ፕሮፖዛል ለመጻፍ ተስማምተናል። አሜሪካ ያለነው አብዛኞቻችን የማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ማሽን ገዝተን ብንልክ ብለን ነበር። አገር ቤት ያላችሁ፣ ብዕር ከማንሳታችን በፊት ሐሳባችሁን ሳትሸፋፍኑ ስጡን።

ሲስተር (ደሴ)፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ማሽኑ ይቅርብን። ማሞግራፊ የሚጠቅመው ገና በእጅ የማይዳሰሰውን ለመፈለግ ነው። እኛ ጋ የምትመጣው ሴት እብጠቱን በእጇ ካገኘችው ከራርማለች። ችግራችን የተዳሰሰው ነገር ምን እንደሆነ በጊዜ አለመታወቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን የጤና ሥርዓታቸው ላልጠነከረ አገሮች በማሞግራፊ የጅምላ ምርመራ ጀምሩ ብሎ አይመክርም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት እናት የሽምብራ ፍሬ የምታህል እብጠት ይዘው መጡ። ናሙና ተወስዶላቸው ወደ ገጠራቸው ተመለሱ። ውጤቱ ደረሰ፤ ካንሰር ነው ይላል። ቅጹ ላይ የተጻፈው ስልክ የልጃቸው ነው፤ ልጁ ደግሞ ሳዑዲ ሄዷል። ወረቀቱ ቦክስ ፋይል ውስጥ ገባ። እሳቸው «ካልደወሉልኝ ደህና ብሆን ነው» ብለው ተቀመጡ። ሲመለሱ ጡታቸው ቆስሎ በነጠላ ሸፍነውት ነበር። ነጠላው ቁስሉ ላይ ተጣብቆ፣ በውሃ እያራስን ነው ያላቀቅነው። እኚህ ሴት ዘግይተው አልመጡም። እኛ ነን የዘገየንባቸው።

ዶክተር (ፓቶሎጂ፣ ማለትም የናሙና ምርመራ፣ አዲስ አበባ)፦ ሲስተር ያለችው እውነት ነው። እኔ ከሌላኛው ጫፍ ልጨምር። ከወረዳ የሚላክልን ናሙና አንዳንዴ በፔኒሲሊን ብልቃጥ ታጭቆ፣ ናሙና ማቆያው ፎርማሊን ጠፍቶ በሳላይን (በጨው ውሃ) ተነክሮ ይመጣል። ከሰውነት የወጣ ሥጋ ቶሎ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ ይበሰብሳል፤ ፎርማሊኑም የናሙናውን 10 እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ተበላሸ ማለት ሴትየዋ እንደገና ትቆረጣለች ማለት ነው። ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆን አለመሆኑን የሚለየው የሆርሞን ምርመራም ያሳስታል፤ ያንን ምርመራ ካላመንነው ደግሞ ታሞክሲፈን የመሰለ ርካሽ ክኒን ለማን እንደሚጠቅም አናውቅም። ስለዚህ አፉ ሰፊ የናሙና ዕቃና ፎርማሊን ረቂቁ ውስጥ ይግባልኝ። ከማሽን አንጻር ወጪው ኢምንት ነው።

ሲስተር (ደሴ)፦ ማጓጓዣውም አይረሳ። ታማሚው ራሱ ናሙናውን በፌስታል ቋጥሮ አውቶቡስ የሚሳፈርበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው።

ገንዘብ ያዥ (ሲያትል)፦ እውነቱን ልናገር፣ ማሽኑን ከደገፉት አንዱ እኔ ነኝ። አባል ሲያዋጣ በዓይኑ የሚያየው ነገር ይፈልጋል። ለፎርማሊን አዋጡ ብዬ እንዴት ልቀስቅስ? ከዓመት በኋላስ ምን ሠራን እንላለን?

ዶክተር፦ መለኪያውማ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረው የጡት ካንሰር ኢኒሼቲቭ ሦስት ግብ አለው። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ታማሚዎች በደረጃ 1 እና 2 ላይ እያሉ እንዲገኙ፤ መጀመሪያ ጤና ተቋም ከረገጡበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራቸው እንዲያልቅ፤ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ። እኛ መካከለኛውን እንያዝ። በሁለት ወረዳ፣ ለአንድ ዓመት፣ እያንዳንዷን ሴት ቀኗን እየቆጠርን እንከተላት።

ታክማ የዳነች አባል (ኮምቦልቻ)፦ ልጆቼ፣ እኔም ልናገር። እኔ በታመምኩ ጊዜ የጨረር ሕክምና በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማም ተጀምሯል። ሰው ሁሉ ጨረሩ እንዴት ነበር ይለኛል። እኔ የማልረሳው የጎረቤቴን ልጅ ነው። ነርስ ናት፤ ከካርድ ክፍል ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ አልትራሳውንድ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። እሷ ባትኖር የትኛው መስኮት ላይ ገንዘብ እንደሚከፈል እንኳ አላውቅም፣ ከመጀመሪያው ወረፋ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። የጎረቤት ልጅ ለሌላት ሴት ያቺን ልጅ ቅጠሩላት።

ገንዘብ ያዥ፦ እትዬ፣ ይሄን ለአባላት ባነብላቸው ይፈቅዱልኛል?

ታክማ የዳነች አባል፦ አንብብ ልጄ። ስሜን ብትጠራም ግድ የለኝም።

ጸሐፊ (አዲስ አበባ)፦ እንግዲህ አንድ አጃቢ ነርስ ደሴ ላይ ትቀጠር ብዬ ጽፌአለሁ። ቅጹ ላይ ሁለት ስልክ፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስም፣ እንዲሁም የእድር ዳኛው ስልክ ይሞላ።

ሲስተር፦ የእድር ዳኛው ይውጣ፤ በዚህ አልስማማም። በሽታዋ ሰፈር ከተሰማ ባሏ ሊተዋት፣ ልጇን የሚያገባ ሊጠፋ ይችላል። ኤክስቴንሽኗም ብትሆን «ቀጠሮ አለሽ፣ እንድትመጪ ብለዋል» ብቻ ትበላት። ካንሰር የሚለው ቃል ከሐኪሟ አፍ፣ በር ተዘግቶ ይነገራት።

ጸሐፊ፦ ልክ ነሽ፣ ሰርዤዋለሁ። የማኅጸን በር ካንሰርስ አብሮ ይካተት?

ዶክተር፦ ለጊዜው ይቆይ። የልጃገረዶቹ ክትባት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት በኩል እየተሰጠ ነው፤ በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ምርመራም ብዙ ጤና ጣቢያ ወርዷል። እኛ በጡቱ እንጀምር።

ገንዘብ ያዥ፦ አዲስ አበባ የሚመጡት የት ያድራሉ? የአልጋ ወጪ ልያዝ?

ዶክተር፦ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተባለው ድርጅት ለታማሚዎች ማረፊያ አለው፤ መጀመሪያ እነሱን እናነጋግር። የትራንስፖርቱን ግን ያዝ።

ሰብሳቢ፦ መልካም። ማሽኑ ከረቂቁ ወጥቷል፤ ለአባላት እኔው ራሴ አስረዳለሁ። ሲስተር፣ አሁን የምትጠቀሙበትን የናሙና መላኪያ ቅጽ ባዶውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልን። የስልክ ቦታው ስንት ነው?

ሲስተር፦ አንድ ብቻ ነው ጋሼ። ነገ ጠዋት ተረኛ ነኝ፣ እንደገባሁ እልካለሁ።