ሲጋል የሚፈልግና ሲጋል የሚገዛ አንድ ነው?

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ። ጥር 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ከእንግዲህ አይገባም ከተባለ ወዲህ ከተማው በቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ከትናንሾቹ ደግሞ ወሬው ሁሉ ቢዋይዲ የተባለው የቻይና ኩባንያ ስለሚሠራት ሲጋል ነው። አሁን አንዳንዶች «ፈላጊው በዝቷል፤ ተሠርቶ የሚገባው ይቁምና እዚሁ ይገጣጠም» እያሉ ነው። ትስማማላችሁ? ስድብ ከግሩፑ ያስወጣል።

ባለቪትዝ፦ እስማማለሁ። የሚገባው ጥቂት ነው፣ የሚጠብቀው ብዙ። ዋጋው የማይቀመስ የሆነውም ለዚህ ነው። መንግሥት ደግሞ መንገዱን ከፍቶታል። አልቆ የሚገባ ኤሌክትሪክ መኪና ቀረጡ 15 በመቶ ነው። በከፊል ተገጣጥሞ ከመጣ 5 በመቶ። ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ከመጣ ምንም። ታዲያ ምን እንጠብቃለን?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ቆይ፣ ጥቂት የሚገባው ለምንድን ነው? ፋብሪካው ማምረት አቅቶት ነው? ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ መኪና ሸጧል። ሲጋል ሚያዝያ 2015 ቻይና ውስጥ ስትወጣ መነሻዋ 73,800 ዩዋን ነበር። ግንቦት 2017 ላይ ኩባንያው ራሱ 55,800 አደረጋት። ዕቃ ያነሰው ነጋዴ እንዲህ ዋጋ ይጥላል? እዚያ የቸገረው ገዢ ነው እንጂ መኪና አይደለም።

ባለቪትዝ፦ እሱ የቻይና የአገር ውስጥ ዋጋ ነው። ለውጭ ገበያ ሲሆን ሌላ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ልክ ነህ፣ እቀበላለሁ። ግን ነገሩን ለማየት ያህል፣ 55,800 ዩዋን ወደ 7,700 ዶላር ነው። ዶላሩን በ150 ብር ምታው፤ 1 ሚሊዮን 155 ሺህ ብር። መርከቡን፣ የጅቡቲውን መንገድና ቀረጡን ጨምርበት። ከዚያ ሄደህ ሱቅ ጠይቅ። መሀል ላይ ያለው ክፍተት ፋብሪካ ውስጥ የተፈጠረ አይደለም። ዶላር ፍለጋ ነው፣ የአስመጪ ትርፍ ነው፣ ደላላ ነው። ተበትኖ የሚመጣውም በብር አይገዛም እኮ።

ጋራዥ ያለው፦ እሱን ልል ነበር። መገጣጠምን ከማምረት ጋር አታምታቱ። ባትሪው እንዳለ ታሽጎ ይመጣል፣ ሞተሩም እንደዚያው። እዚህ የሚሠራው ማሰር፣ መግጠምና መፈተሽ ነው። ሥራ ይፈጥራል፣ አልክድም። ማራቶን ሞተር በ2012 ኤሌክትሪክ ሃዩንዳይ ሲገጣጥም አይተናል። ግን የመገጣጠሚያው መስመር በቀን ሃያ መኪና የማውጣት አቅም ኖሮት ዶላር የተገኘው ለሦስት ብቻ ከሆነ፣ የአሥራ ሰባቱ ኪራይና ደሞዝ በሦስቱ ላይ ነው የሚደመረው። ያኔ ረከሰልን ሳይሆን ተወደደብን ነው የምትሉት።

ከቨርጂኒያ፦ እኔ ከዚህ አንድ ታሪክ ልጨምር። (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው።) በጥር 2008 ስማርት የምትባል ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ከፈረንሳይ አሜሪካ ገባች። አስቀድሞ 99 ዶላር ከፍሎ ወረፋ የያዘው ከ30 ሺህ በላይ ነበር። ያን ክረምት ቤንዚን ጋሎኑ ከ4 ዶላር አለፈ፤ የኛ ልጆች ታክሲ ላይ ሆነው የሚያወሩት እሱን ብቻ ነበር። በዓመቱ 24,622 ተሸጠች። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ነዳጅ ወረደ። በ2009 ሽያጩ 14,595 ሆነ፣ በ2010 ደግሞ 5,927። ወረፋውን አይቶ ፋብሪካ የሠራ ሰው ቢኖር ምን ይውጠው ነበር?

ባለቪትዝ፦ አሜሪካና እኛ አንድ አይደለንም። እዚያ ነዳጅ ሲወርድ ሰው ወደ ትልቁ መኪናው ይመለሳል። እኛ ወዴት እንመለሳለን? የነዳጁ መኪና ተከልክሏል። ቤንዚን በ2017 ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ወደ ኋላ ሲመለስ አይተሃል?

ከቨርጂኒያ፦ እሱስ እውነት ነው። የእናንተ ፍላጎት በነዳጅ ዋጋ ብቻ የሚጠፋ አይመስለኝም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ በነዳጅ ባይጠፋ በኪስ ይጠፋል። የሕንዷን ርካሽ ትንሽ መኪና ታታ ናኖን አስታውሱ። በ2009 እ.ኤ.አ. ከ200 ሺህ በላይ ሰው ቀብድ ከፈለ። ፋብሪካው በዓመት 250 ሺህ እንዲያመርት ተሠራ። ምርጥ በተባለው ዓመቷ 75 ሺህ እንኳ አልሞላችም። ቀብዱ እውነተኛ ነበር፣ ገዢው ግን የተገመተውን ያህል አልነበረም።

የራይድ ሾፌር፦ እኔ ቀብድም አልከፈልኩ፣ ግን ፈላጊ ተብዬ ተቆጥሬያለሁ። ሦስት መሸጫ ሄጄ ሦስቱም ጋ ስልኬን ትቻለሁ። ስለዚህ እኔ ብቻዬን ሦስት ፈላጊ ነኝ። መኪናዋን ወድጃታለሁ። ትልቁ ባትሪዋ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ አንዴ ሲሞላ በቻይና መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላሉ። በእኛ ዳገትና በእኛ መጨናነቅ ያን አልጠብቅም፤ ለቀን ሥራ ግን ትበቃኛለች። አንድ ነገር ግን ማንም አይነግራችሁም። የቻይናዋ ወንበሯ አራት ነው። እኔን ስትቀንሱ ሦስት ተሳፋሪ። አራት ሆኖ የሚመጣ ቤተሰብ ይመልሰኛል።

አወያይ፦ ብድር አልጠየቅህም?

የራይድ ሾፌር፦ ጠይቄያለሁ። «ቤት አለህ?» አሉኝ። ቤት ቢኖረኝ ሸጬ እገዛ ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም ከወረፋው መጨረሻ ያለው የመኪና ብድር ነው። ስለ መገጣጠሚያ አቅም ከማውራታችን በፊት ሾፌሩ በምን ይግዛ?

ባለቪትዝ፦ እሺ፣ ተሠርቶ የሚገባው ይቁም ያልኩትን አነሳለሁ። ግን መገጣጠሙን አልለቅም። እነዚህ መኪናዎች ነገ ሲበላሹ ማን ይጠግናቸዋል? ጋራዥ፣ አንተ ባትሪውን ትከፍታለህ?

ጋራዥ ያለው፦ አልከፍትም። ልጆች አሉኝ።

ባለቪትዝ፦ አየህ! መገጣጠሚያ ቢኖር ቢያንስ የሠለጠነ እጅ ይወጣል።

ጋራዥ ያለው፦ ለሥልጠናው ተስማምቻለሁ። ለዚያ ግን በቀን ሦስትም ይበቃል፤ ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልግም።

አወያይ፦ እሺ፣ እንቁጠር። ከዚህ ግሩፕ በሚቀጥለው ወር ሲጋል የሚገዛ ማነው?

የራይድ ሾፌር፦ ብድር ከተገኘ እኔ።

ባለቪትዝ፦ ቪትዟን ከሸጥኩ እኔም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ «ከተገኘ» እና «ከሸጥኩ» አይቆጠርም።

ባለቪትዝ፦ በቃ፣ ዜሮ ብለሽ ጻፊ።