ሲትሮየን ቢኤክስ ከኋላ እንደ ጋሪ እየነጠረች አስቸግራኛለች፣ ምን ላድርግ?

የማራኪ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር ነኝ። ሲትሮየን ቢኤክስ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። መኪናዋ የአጎቴ ነበረች፣ አሁን እኔ ነኝ የምነዳት። በፊት ጣና ላይ ጀልባ የተቀመጥክ ነበር የሚመስልህ። ከክረምቱ ወዲህ ግን በተለይ ከኋላ ድንጋይ ሆናለች። ወደ ፒያሳ ስወጣ ኮብልስቶኑን በወገቤ ነው የምቆጥረው፣ ብሬከር ላይ ደግሞ የቱንም ያህል ቀስ ብል ኋላዋ ይዘላል። ባለፈው እናቴን ቁስቋም ላደርሳት ከኋላ አስቀምጫት ወገቧን ይዛ ወረደች። በጣም ነው ያዘንኩት።

የጎማ ንፋስ ጎሚስታ ጋ አስለክቻለሁ፣ ልክ ነው። አንድ ጋራዥ ወሰድኳትና "ሾክ አብዞርበሩ አልቋል" አሉኝ፣ ከሥር ገብተው ሲፈልጉት ግን ሾክ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ቆርጠን ሞላ እናስገባላት አሉ። እምቢ አልኩ። ሌላው ነገር፣ ሁለት ኩንታል ጤፍ ብጭንባትም ከፍታዋ አይወርድም፣ ስለዚህ ያየ ሁሉ ደህና ናት ይላል። ስትቆም አድራ ጠዋት ዝቅ ብላ አገኛታለሁ፣ ሞተር ሳስነሳ ትነሳለች። ይሄም ብልሽት ነው?

ጋሼ መፍቻ፦
ወንድምዓለም፣ ሞላ አለማስገባትህ ሸጋ ነው። አድራ ዝቅ ማለቷ የዚህ መኪና ጠባይ ነው፣ እሱን ተወው።

አሠራሯን ልንገርህ። በእያንዳንዱ ጎማ አንድ የብረት ኳስ አለች። ኳሷ መሃል ላይ በላስቲክ ተከፍላለች። በአንድ በኩል ናይትሮጅን ታምቋል፣ በሌላው በኩል ዘይት ይገባል። ዘይት አይታመቅም፣ ስለዚህ ሞላ የሚሆንልህ ጋዙ ነው። የሾኩን ሥራ ደግሞ ኳሷ አንገት ላይ ያለው ትንሽ ቀዳዳ ይሠራዋል። ዓመታት ሲሄዱ ናይትሮጅኑ በላስቲኩ በኩል ቀስ በቀስ ይወጣል። ሲያልቅ ጎማው በዘይት ብቻ ተደግፎ ይቀራል፣ ያኔ ነው ድንጋይ የምትሆነው። ከፍታውን የሚጠብቀው ግን ሌላ ክፍል ነው፣ ጋዙ ቢያልቅም እሱ ሥራውን ይቀጥላል። ጤፍ ጭነህ ያልወረደችው ለዚህ ነው፣ ብዙ መካኒክም እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አሁን ይህን ሞክርና ንገረኝ። ሞተሩ ይነሳ፣ የከፍታ ማስተካከያው እጀታ መደበኛው ቦታ ላይ ይሁን። አንድ ደቂቃ ጠብቅና አራቱንም ማዕዘን ተራ በተራ በመዳፍህ ተጫን። ጤነኛው ለስለስ ብሎ ይወርድልሃል። የሞተው እንደ ግድግዳ ነው። ቀጥሎ ኋላዋ ላይ ተቀመጥ። ትንሽ ወርዳ ከሰከንዶች በኋላ ራሷን ካነሳች፣ አንተ ስትነሳላትም መጀመሪያ ከፍ ብላ ወደ ቦታዋ ከተመለሰች ከፍታ ጠባቂው ይሠራል። ካልሆነ ዘንጉን የክረምት ጭቃ ይዞት ሊሆን ይችላል። ከልክ በላይ ከፍ ብላ ከቆመችም ትደርቃለች፣ ስለዚህ ኳስ ከመግዛትህ በፊት ይህ ይጣራ። የኋላ ጎማዎቹንም ከበስተጀርባ ቆመህ እያቸው። ከላይ ወደ ውስጥ ካዘነበሉ ጎማዎቹን የያዙት ክንዶች ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው፣ እሱም ያደርቃታል።

የማራኪ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ከግቢ ሞክሬ ገባሁ። ከፊት ሁለቱም በአንድ እጅ ይወርዳሉ። ከኋላ በስተቀኝ በሙሉ ክብደቴ ተደግፌ ንቅንቅ አላለችም፣ በስተግራ እንደምንም ጣት ያህል ወረደች። ስቀመጥባት ወርዳ ተነሳች። ጎማዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፦ ሞተሩ እየሠራ ከኮፈኑ ሥር "ጠቅ" የሚል ድምፅ አለ፣ በስልኬ ስቆጥረው በየ4 ሰከንዱ ነው።

ጋሼ መፍቻ፦
በል፣ ከኋላ ሁለቱም ኳሶች አልቀዋል። የቀኟ ጨርሳ ሞታለች። ጠቅታው ደግሞ የሌላ ኳስ ነገር ነው። ከሞተሩ አጠገብ ግፊት የምታጠራቅም አምስተኛ ኳስ አለች። ፓምፑ ግፊቱን ከ145 እስከ 170 ባር አካባቢ ይይዘዋል፣ ጎማህ ውስጥ ያለው 2 ባር ገደማ መሆኑን አስብ። ጠቅታው ፓምፑ ሲሞላና ሲያርፍ የሚሰማ ነው። ጤነኛ መኪና ላይ ዝም ብላ ቆማ ከአንዱ ጠቅታ እስከ ቀጣዩ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆያል። 4 ሰከንድ ከሆነ ወይ አምስተኛዋ ኳስ ደክማለች ወይ ዘይቱ የሆነ ቦታ ያመልጣል። መድረቁን እሷ አታመጣውም፣ ግን ፍሬንህም ከዚሁ ግፊት ነው የሚሠራው። ሞተር ቢጠፋብህ የሚይዝልህ እሷ ውስጥ የተጠራቀመው ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀዩ የስቶፕ መብራት ከበራ ሳይጠፋ እንዳትንቀሳቀስ፣ አደራ።

እና ንገረኝ፣ ያ ጋራዥ ዘይት ጨምሮልሃል?

የማራኪ ልጅ፦
የፍሬን ዘይት ሊጨምሩ ነበር፣ ጣሳው በእጃቸው እንዳለ ነው አስቁሜ የወጣሁት። አጎቴ ከአረንጓዴው ሌላ እንዳትነካ ይል ነበር።

ጋሼ መፍቻ፦
አጎትህ መኪናህን አድኗታል። አረንጓዴው ኤል ኤች ኤም ይባላል፣ የማዕድን ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ከገባ ውስጥ ያለውን ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ሁሉ ያሳብጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ፍሬኑም መኪናዋን የሚሸከመው የዘይት ክፍልም አብሮ ይሄዳል።

የዋገኗ እመቤት፦
ወንድሜ፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ የምነዳው መርሴዲስ 124 ስቴሽን ዋገን ነው። የእኔ ከኋላ ብቻ ሞላም አለው፣ ናይትሮጅን የያዙ ሁለት ኳሶችም አሉት። እነሱ ሲያልቁ ልክ እንደ አንተ ኋላው ይነጥር ጀመር፣ እኔም መጀመሪያ ያልሆነ ነገር ቀይሬ ገንዘቤን ጨርሻለሁ። አንድ ነገር ግን ላስጠነቅቅህ። ያኔ አንድ ሰው "ኦክሲጂን እንሙላበት፣ ብየዳ ቤት አለ" ብሎኝ ነበር። ፈጽሞ እንዳታደርገው! ኦክሲጂን በዚያ ግፊት ከዘይት ጋር ከተገናኘ ይፈነዳል። ናይትሮጅን ብቻ ነው። ላስቲኩ ከተቀደደ ደግሞ መሙላቱም ዋጋ የለው፣ አዲስ መግዛት ነው።

ጋሼ መፍቻ፦
እውነቷን ነው። ስትገዛ አሮጌዋ ኳስ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብበህ እሱኑ እዘዝ። የፊትና የኋላ ኳስ መልካቸው አንድ ቢሆንም ግፊታቸውም ቀዳዳቸውም ይለያያል። ስትፈታ መጀመሪያ በድጋፍ ብረት አስቀምጣት፣ በክሪክ ብቻ ከሥር እንዳትገባ፣ ግፊት ሲወጣ በአንዴ ትወድቃለች። ሞተር ጠፍቶ እጀታው ዝቅተኛው ላይ ይሁን። ፓምፑ የሚያርፍበት ክፍል ላይ ያለችውን 12 ቁጥር ቡሎን አንድ ዙር አላላት፣ ሲተነፍስ ትሰማዋለህ፣ ግን ነቅለህ እንዳታወጣት። ኳሷ ዝጋ እምቢ ካለች በሰንሰለት መፍቻ ያዛት። አዲሷን ስታስገባ ጎሚኒዋን ቀይር፣ አረንጓዴውን ዘይት ቀባ አድርገህ በእጅህ ብቻ አጥብቅ። ቁልፍ አትጠቀም፣ ግፊቱ ራሱ ያትማታል።

የማራኪ ልጅ፦
ሰላም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሁለቱ የኋላ ኳሶች በዘመድ በኩል መጡ፣ አዘዞ አንድ ወዳጄ ግቢ ራሳችን ቀየርናቸው። የቀኟን ስንፈታት ከጋዙ በኩል አረንጓዴ ዘይት ፈሰሰ፣ ላስቲኩ እንደ አሮጌ ከመነዳሪ ተሰንጥቋል። አሁን ኋላዋን በአንድ እጅ ስጫናት ትወርዳለች። እናቴ ትናንት ከቁስቋም መልስ "እንደ ድሮዋ ሆነች እኮ" አለችኝ። ጠቅታው ግን አሁንም 4 ሰከንድ ነው። አምስተኛዋን አዝዣለሁ፣ እስክትመጣ ከከተማ አልወጣም፣ ደባርቅ ያለውንም ሠርግ በአውቶቡስ እሄዳለሁ።