«ማር ማር ነው» ያሉት ነገር

የደንቢያው፦ በአንድ ጤና ጣቢያ የቁስል ትምህርት ላይ «ጣዝማም ይሁን የአራዳ ገበያ ማር፣ ማር ማር ነው» ተባለ። እንዴት ተደርጎ? ጣዝማ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ፣ ቀጭን፣ ኮምጠጥ ያለ ማር ነው። ንቧ አትናደፍም፤ ከቀፎዋ ንብ ጋር ዘሯም አንድ አይደለም። አባቶቻችን ለሳልና ለቁስል ለይተው ያስቀመጡት በከንቱ ነው?

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ ልዩነቱን ካነሳህ እስከ ጥጉ እናንሳው። የበሰለ የቀፎ ማር ርጥበቱ 20 በመቶ ገደማ ስለሆነ ከባክቴሪያው ውሃ መጥጦ ያደርቀዋል። የጣዝማ ርጥበት ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ጠርሙስ ውስጥ አረፋ አውጥቶ ክዳን የሚገፋው ለዚህ ነው። እንዲህ የፈላ ማር ክፍት ቁስል አይነካም!

የደንቢያው፦ «ያደርቃል» ብቻ ከሆነማ ስኳርም ያደርቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ጣዝማና ነጭ ሽንኩርት ተቀላቅለው ባክቴሪያን እንደሚገቱ አሳይቷል። ይህንንም «ማር ማር ነው» በሉታ።

አዘዞ፦ እሱ የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ነው። ያንን ሰምቶ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ እግሩ ላይ የሚያስር አለ። ታስሮ ካደረ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ሳህን ቆዳ የለውም።

ንብ አናቢ፦ ሁላችሁም አቆራረጡን ዘለላችሁት። ጣዝማ ማሯን የምታኖረው በትንንሽ የሰም ማሰሮዎች ነው፤ የአበባ ዱቄቱና እጩም እዚያው አጠገብ ናቸው። ቆፋሪው ሁሉንም አፍሶ በጨርቅ ሲጨምቀው አፈሩም፣ እጩም፣ ዱቄቱም አብሮ ይገባል፤ ቶሎ የሚፈላውም ከርጥበቱ ሌላ ከዚህም የተነሳ ነው። የማሩን ማሰሮ ብቻ በስቶ በንጹሕ ሲሪንጅ መሳብ ይቻላል።

አዘዞ፦ አራዳ ላይ ያለውስ? ክብሪት ነክረው «ከነደደ ንጹሕ ነው» ይላሉ።

ንብ አናቢ፦ ክብሪት የሚናገረው ስለ ውሃ ብቻ ነው። ወፍራም የስኳር ሽሮፕ የተቀላቀለበትም ይነድዳል። ጣዝማን በክብሪት ብትፈትን ደግሞ ንጹሑን ትጥለዋለህ።

የደንቢያው፦ ይኸው! ፈተናው እንኳ አንድ አይደለም።

ሲስተር፦ ሐኪም ቤት የሚገባው የቁስል ማር በጋማ ጨረር የጸዳ ነው። በእሳት አይሆንም፤ ሙቀት ባክቴሪያ የሚገድለውን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የሚሠራውን ኢንዛይም ይገድለዋል፣ የቦቱሊዝምን (ሰውነት የሚያሽመደምድ በሽታ) ዘር ግን ማፍላት አይገድለውም። ቁስሉ በኖርማል ሳላይን (በንጹሕ የጨው ውሃ) ይታጠባል፤ ማሩ ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ላይ ይቀባል፣ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጎዝ 20 ሚሊ ሊትር ያህል። በየቀኑ ይቀየራል፤ ፈሳሽ ከበዛ ማሩ ስለሚቀጥን ቶሎ ቶሎ ነው። የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ግን ቤት ውስጥ በምንም ማር አይታከምም። በዚያው በቦቱሊዝም ዘር ምክንያት ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃንም ጣት ነክሮ ማላስ እንኳ ክልክል ነው፤ ጣዝማም ቢሆን። እዚህ ላይ ማር ማር ነው።

የደንቢያው፦ የሕፃኑን ተቀብያለሁ፣ ሲስተር። ለቁስል ግን ጣዝማው በንጹሕ ተስቦ፣ በጨረር ጸድቶ ይሞከር እንጂ ሳይሞከር አይጣል።

ሲስተር፦ እስኪሞከር ድረስ ግን አይቀባ።

የደንቢያው፦ «አይቀባ» እና «ማር ማር ነው» ለየቅል ናቸው፣ እቴ።