የፌሪብሪጅ ማማዎች ስምንት ሆነው ሦስቱ ብቻ ለምን ወደቁ?

ጠባሴ
ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝ አገር ዮርክሻየር ውስጥ የነበረው ፌሪብሪጅ ሲ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ዛሬ ፈርሶ አልቋል። ገና በግንባታ ላይ ሳለ፣ በ1965 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ከስምንቱ ማቀዝቀዣ ማማዎች ሦስቱን ነፋስ ጣላቸው። የወደቁት ከኋላ የነበሩት ናቸው። ፊት ለፊት የተመቱት እንዴት ተረፉ? ደብረ ብርሃን ላይ የውኃ ታንከር ማቆሚያ የሚሠራ ሰውስ ከዚህ ምን ይወስዳል?

ፌሮ ቆጣሪ
114 ሜትር የሚረዝሙት ማማዎች በሁለት ረድፍ ተቀራርበው ቆመው ነበር። ነፋሱ በፊተኞቹ መካከል ሲሾልክ ፈጠነ፣ ተናወጠም፤ ያ ሁሉ ያረፈው በኋለኞቹ ላይ ነው። ንድፉ ግን የነፋሱን ፍጥነት የወሰደው በደቂቃ አማካይ ስለሆነ ድንገት የሚመጣውን ሽውታ አላየውም። ቀጭኑ ግድግዳ ውስጥ የነበረው ፌሮም አንድ ረድፍ ብቻ ነው።

ፊተኞቹ ደህና ነበሩ ማለት ግን አይደለም። የቀሩት አምስቱም ተጎድተው ስለነበር ተጠናከሩ፤ ሦስቱ እንደ አዲስ ተሠሩ። ጣቢያው በመጋቢት 2016 ተዘጋ። ከማማዎቹ አምስቱ በ2019፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት በመጋቢት 2022 በፈንጂ ፈረሱ።

ደጋ መሐንዲስ
እኔ ትልቁ ጥፋት የምለው የስሌቱን ነው። ነፋሱ በሚመታው ወገን ግድግዳውን ሽቅብ ይነቅለዋል፣ የራሱ ክብደት ቁልቁል ይይዘዋል፤ ፌሮው የሚሸከመው ልዩነቱን ነው። ለምሳሌ ክብደቱ 100፣ ንቅያው 110 ቢሆን ለፌሮው የሚቀረው 10 ነው። የነፋሱ ፍጥነት በ10 በመቶ ብቻ ይጨምር፦ ግፊቱ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ንቅያው 133 ይሆናል፣ ፌሮው ላይ 33 ይወድቃል። ከሦስት እጥፍ በላይ! ብረቱ ሁለት እጥፍ መጠባበቂያ ቢኖረው እንኳ አያድነውም።

ለታንከሩም ነገሩ ያው ነው። መገልበጡን ስታሰላ ታንከሩን ባዶ አድርገው፤ ውኃው ሲሞላ ክብደቱ ያግዝሃል። የሚያግዘውን ክብደት በ0.9፣ ነፋሱን በ1.5 አባዛ፣ አንከር ቦልቱን (ማቆሚያውን ከመሠረቱ ጋር የሚያስረውን ብሎን) በሚወጣው ንቅያ ምረጥ።

ጠባሴ
እናመሰግናለን። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ግፊቱን ልቀንስ?

ደጋ መሐንዲስ
በአንድ ዓይነት ፍጥነት ከባሕር ወለል ይልቅ በሩብ ያህል ያንሳል፣ እውነት ነው። እኔ ግን አልቀንስም። በተለይ ወደ ጣርማ በር፣ ገደሉ ጫፍ ላይ፣ ነፋሱ ሽቅብ ሲወጣ ይፈጥናል፤ ያተረፍከውን እዚያው ይበላዋል።