ክሬዲት ካርዱ 4,000 ዶላር አውጪ ይለኛል፣ እቁቤ ግን በካርድ አይከፈልም

የናቲ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። እዚህ አሜሪካ ኦክቶበር ላይ አንድ ክሬዲት ካርድ አወጣሁ። በ3 ወር ውስጥ 4,000 ዶላር ከገዛሁበት 60,000 ነጥብ ይሰጡኛል። ሐሳቤ በነጥቡ ትኬት ቆርጬ ናቲን አዲስ አበባ ማስገባት ነው። እናቴ ልጄን ያየችው በስልክ ብቻ ነው።

ችግሩ፣ የእኛ ቤት ትልልቁ ወጪ ካርድ አይወድም። ኪራዩ 1,850 ነው። በካርድ ልክፈል ስል ወደ 3 በመቶ ይጨምርብኛል፤ በወር 55 ዶላር ማለት ነው። እቁቡ በወር 500 ነው፤ ዳኛዋ ካሽ ወይም ዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ የሚላክ ገንዘብ) ካልሆነ አትሰማም። የወር አስቤዛ የምንገዛው ከኮስትኮ፣ ከትልቁ የጅምላ መደብር ነው። ካርዴ ማስተርካርድ ሆኖ ተገኘ፣ የኮስትኮ መደብር ደግሞ ከክሬዲት ካርድ የሚቀበለው ቪዛ ብቻ። ይህን ያወቅሁት ጋሪዬን ሞልቼ፣ ሰልፉን ጨርሼ፣ ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ቆሜ ነው። ከኋላዬ የነበሩትን ሰዎች ፊት አትጠይቁኝ።

ዛሬ ኖቬምበር 25 ነው። ስቴትመንቱን (የካርዱን የሂሳብ መግለጫ) ደምሬ 2,150 ደርሻለሁ። ካርዱ በእጄ የገባው ኦክቶበር 12 ስለሆነ እስከ ጃንዋሪ 12 ጊዜ አለኝ።

እስካሁን ሁለት ምክር ተሰጥቶኛል። ጓደኛዬ «ለእናትሽ የምትልኪውን ብር በካርዱ ላኪ» አለችኝ። ግሮሰሪ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ዕቃ እንደገዛሽ አድርጌ ካርድሽን 1,500 ስዋይፕ ላድርግና ካሹን ውሰጂ» አለኝ። የቱ ይሻላል?

ሾፌሩ 703

እህቴ፣ ሁለቱም ይቅርብሽ። መጀመሪያ ግን ቀኑን እንይ። 3 ወሩ የሚቆጠረው ብዙ ጊዜ ካርዱ ከተፈቀደበት ቀን ነው፣ ፖስታው ቤትሽ ከደረሰበት አይደለም። የተፈቀደው መቼ ነው? በአፑ መልእክት ጻፊላቸውና የመጨረሻውን ቀን በጽሑፍ ያሳውቁሽ። በስልክ የነገሩሽን በኋላ ማን ይመሰክርልሻል?

ሁለተኛ፣ 2,150 ያልሽው ውስጥ የካርዱ ዓመታዊ ክፍያ አለ? እሱ አይቆጠርም። መልሰሽ ሪፈንድ የወሰድሽበት ዕቃ ካለም ይቀነሳል።

የአጎትሽን ልጅ ነገር በተመለከተ፦ ካርድ ስዋይፕ አድርጎ ካሽ መስጠት ባለ ሱቁ የካርድ ክፍያውን ከሚያስተናግድለት ድርጅት ጋር ያለውን ውል ያስጥሳል። ባንኩም ከነቃ ቦነሱን፣ ማለት 60,000 ነጥቡን ሊሰርዝ፣ ካርዱንም ሊዘጋ ይችላል። ደግሞ እሱ በእያንዳንዱ ሽያጭ ወደ 3 በመቶ ይቆረጥበታል። ከ1,500 ላይ 45 ዶላር ነው። ማን ሊከፍለው ነው? ዘመድ ነው፣ ዛሬ ምንም አይልሽም። ለፋሲካ ግን ያነሳዋል።

አዲስ ወጪ አትፍጠሪ። የማይቀረውን ወጪ ወደፊት ሳቢው። እኔ የመኪና ኢንሹራንሴን የ6 ወሩን ባንድ ጊዜ ከፈልኩ። እንደውም ቅናሽ አለው።

ደረሰኝ ሰብሳቢ

ብር መላኩን እኔ ሞክሬው አይቻለሁ። ለአባቴ መድኃኒት 500 ዶላር በመላኪያ አፕ በክሬዲት ካርድ ላክሁ። ባንኬ ግዢ ነው አላለም፤ ካሽ አድቫንስ፣ ማለት በካርዱ የተበደርኩት ጥሬ ገንዘብ ብሎ መዘገበው። 5 በመቶ፣ ማለትም 25 ዶላር ወዲያው ወሰደ። ወለዱም ከዚያው ቀን ጀመረ፣ ለግዢ የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ የለውም። የሚያናድደው ደግሞ ለቦነሱ አንድ ሳንቲም አልተቆጠረልኝም። ደውዬ ስከራከር ልጅቷ ውሉን አነበበችልኝ። ተጽፏል። ዝም አልኩ። ብር ስትልኪ በዴቢት ወይም ከባንክ ሂሳብሽ ላኪ።

የስጦታ ካርድ ግዢ የሚልሽም ይመጣል። አንዳንድ ባንኮች ለቦነስ አይቆጠርም ብለው በውሉ ጽፈዋል፣ ሳታነቢ አትግዢ።

እትዬ፣ አሌክሳንድሪያ

የኔ ልጅ፣ የታኅሣሥ ገብርኤል እኮ ደረሰ። ዲሴምበር 28 ነው። የእናንተ ማኅበር ለንግሡ አያዋጣም? እኛ ጋ እያንዳንዱ ድርሻውን በካሽ ያመጣል፣ ሁልጊዜ የምገዛው እኔ ነኝ። ጾም ስለሆነ ሥጋ የለ፤ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ዘይቱን፣ እንጀራውን በካርዴ እከፍልና የተዋጣውን ካሽ ባንክ አስገባለሁ። ብሩን ግን ቦርሳሽ ውስጥ አታሳድሪው፣ ያልቃል! ደግሞ ካሹን ሳትሰበስቢ አትግዢ። «እሁድ እሰጥሻለሁ» ያለችኝ አንዲት እህት እስከ ዛሬ እሁዷ አልደረሰም።

ሾፌሩ 703

እትዬ፣ ልክ ብለዋል። አንድ ነገር ልጨምር። የናቲ አባት ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዳ ከሆነ በየሩብ ዓመቱ ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) ግምታዊ ታክስ ይከፍላል አይደል? ቀጣዩ ጃንዋሪ 15 ነው፣ ቀድሞ መክፈል ይቻላል። በካርድ ሲከፈል ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ ኮሚሽን አለው። ዝም ብሎ ከሆነ አያዋጣም፤ ለቦነስ ሲሆን ግን ከኪራዩ 3 በመቶ ይሻላል።

ስቴትመንቱ ሲመጣ ደግሞ ሙሉውን ክፈይ። 2,000 ዶላር በ25 በመቶ ወለድ ካደረ በወር 40 ዶላር ያልፋል።

የናቲ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጻፍኩላቸው፣ መለሱልኝ። የተፈቀደው ኦክቶበር 3 ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ጃንዋሪ 3። በ9 ቀን ልበላ ነበር!

2,150 ያልኩትም ውሸት ሆነ። 95 ዶላሩ ዓመታዊ ክፍያ ነው። 180 ዶላር የናቲ ጃኬት ነበር፣ ጠበበውና መለስኩት። የተቆጠረልኝ 1,875 ብቻ ነው፣ 2,125 ይቀረኛል።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ደመርን። ቤንዚንና ከኮስትኮ ውጭ የምንገዛው አስቤዛ እስከዚያ 700 ይሆናል። የመኪና ኢንሹራንስ 6 ወር 780። የሱ ታክስ 600። «ለመንግሥት ገንዘብ ሰጥቼ ደግሞ 12 ዶላር ኮሚሽን ልጨምር?» ብሎ ተቆጣ። የአዲስ አበባን ትኬት ዋጋ ከፍቼ አሳየሁት፣ ዝም አለ። የገብርኤል መዋጮ 420 ነው፣ ሰብሳቢዋ «ደስ ይለኛል፣ እኔም ከሸክሙ አረፍኩ» አለችኝ። ሁሉም 2,500 ይመጣል። 375 ትርፍ አለኝ፣ አንድ ዕቃ ቢመለስ እንኳ አልደነግጥም። ከታክሱ ኮሚሽን በቀር ከኪሳችን የሚወጣ ተጨማሪ ወጪ የለም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ነጥቡን ወደ አየር መንገድ ካዛወርኩት በኋላ ሐሳቤን ብቀይር ይመለሳል?

ደረሰኝ ሰብሳቢ

አይመለስም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 (በፈረንጆች) ጀምሮ የስታር አሊያንስ፣ የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ በአጋሮቹ ነጥብ መቀመጫ ይገኛል። ግን መጀመሪያ የምትፈልጊው ቀን ላይ ለሁለታችሁም መቀመጫ መኖሩን እዪ፣ ከዚያ አዛውሪ። ለጥምቀት ከሆነ ሐሳብሽ የዘንድሮውን እርሺው፤ ነጥቡ ራሱ ቢፈጥን ስቴትመንቱ ሲዘጋ ነው የሚገባልሽ።

የናቲ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ለክረምቱ ነው፣ ትምህርት ሲዘጋ። እናቴ ከአሁኑ በርበሬ ልታስፈጭ ነው።