አባታችን ቤቱን በቃላቸው ተናዘዙልኝ የሚለው ወንድማችን

ጠያቂ፦
አባታችን ካረፉ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። በራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ በስማቸው ካርታ ያለው ቤት ትተው አልፈዋል፤ በመንገዱ በኩል ያሉት ሁለት ሱቆች ተከራይተዋል። እናታችን በሕይወት አሉ። ልጆቹ አራት ስንሆን በቤቱ የሚኖረው፣ ካርታውን የያዘውና ኪራዩን የሚሰበስበው ታላቅ ወንድማችን ነው። ክፍፍል ባነሳን ቁጥር አባባ በታመሙ ጊዜ ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት ቤቱን በቃላቸው እንደተናዘዙለት ይነግረናል። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ አስቀምጠውናል፤ እርሱ ግን እስከ ፋሲካ፣ እስከ ክረምት መውጫ እያለ ይገፋናል። ኑዛዜው ይጸናልን? እስከ መቼስ እንጠብቅ?

የሕግ ባለሙያ፦
በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን ያውቃል፤ ነገር ግን በቁጥር 893 መሠረት በቃል ሊነገር የሚችለው የቀብር ሥነ ሥርዓትን፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን የሚመለከት ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤቶቹ እውነቱን ቢመሰክሩ እንኳ ቤት በዚህ መንገድ አይተላለፍም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የእናትዎ ድርሻ ነው። ቤቱ በትዳር ጊዜ የተገኘ ከሆነ፣ ካርታው በአባትዎ ስም ብቻ ቢሆንም፣ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጋራ ሀብት እንደሆነ ይገመታል፤ ግማሹ የእርሳቸው እንጂ ውርስ አይደለም። ቀሪው ግማሽ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 842 መሠረት ለአራታችሁ እኩል ስለሚከፈል እያንዳንዳችሁ ከቤቱ አንድ ስምንተኛ ይደርሳችኋል።

የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ቁጥር 1000 የወራሽነት ጥያቄ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። ይህ ገደብ በወንድማማቾች መካከል እንዴት እንደሚሠራ ጠበቆች ይከራከሩበታል፤ እናንተ ግን የክርክሩ መሞከሪያ አትሁኑ። ሽምግልናው ይቀጥል፤ የወራሽነት ማረጋገጫውን ግን ከከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አሁኑኑ አውጡ። ማረጋገጫው ወራሽ መሆናችሁን እንጂ ድርሻችሁን አያስረክብም፤ ስለዚህ ውርሱ እንዲጣራ፣ ካርታው እንዳይተላለፍ እግድ እንዲሰጥና ኪራዩ በሒሳብ እንዲቀርብ በተጨማሪ ጠይቁ።

የሰራተኛ ሰፈር ነዋሪ፦
እኛም በዚሁ ነገር ተካስሰን ተፈርዶልናል፤ ቤቱ በዓይነት ሊከፈል ስላልቻለ በሐራጅ ተሸጠ፣ የተገኘውም ገንዘብ የሰፈሩን ዋጋ አልደረሰም። ታላቅ እህታችን ድርሻችንን በግምት ዋጋ ልትገዛ ጠይቃ እምቢ ያልናት እኛው ነበርን። ወንድምዎ ቤቱን የማይለቅ ከሆነ ድርሻችሁን በገንዘብ እንዲከፍላችሁ መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁት።

ታዛቢ፦
ሱቆቹ በእርግጥ በካርታው ውስጥ ናቸውን? በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች በመንግሥት ስለተወረሱ፣ በመሐል ከተማ አንዱ ግቢ ውስጥ የግልና የቀበሌ ክፍሎች ጎን ለጎን መገኘታቸው የተለመደ ነው። የቀበሌ ክፍል በኪራይ እንጂ በውርስ አይያዝም።

ጠያቂ፦
የመጨረሻው ጥያቄ አስደንግጦኛል፤ ካርታውን ከእኛ አንዳችንም አይተን አናውቅም። እናቴ ግን ከሱቆቹ የአንዱን ኪራይ አባባ ለቀበሌ ሲከፍሉ እንደነበር ትናንት ነገሩኝ።

የሕግ ባለሙያ፦
እንግዲያውስ ከክሱ አስቀድሞ የካርታውን ግልባጭ ከክፍለ ከተማው ይጠይቁ፤ ወራሽነት ማረጋገጫውን ሲይዙ ይሰጡዎታል። የቀበሌ የሆነውን ሱቅ ከውርስ ንብረቱ ዝርዝር ያውጡት፤ አለበለዚያ ወንድምዎ የሚይዘው የመጀመሪያው መከራከሪያ ይሆናል።